«በነፃ ልሥራ» ያለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ስንት ያስከፍላል?

ለመሆኑ ደመወዝተኛ የሆነ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፈረቃውን ከጨረሰ በኋላ «ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ በበጎ ፈቃድ መጥቼ ላግዝ» ቢል አለቃው እሺ ሊለው ይችላል? በአሜሪካ ሕግ መሠረት እሺ ካለው ሊከፍለው ነው። የሠራተኛው ቅንነት ጥያቄ ውስጥ አይገባም፤ «ገንዘብ አልፈልግም» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም።

የአሜሪካ የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ የወጣው በ1938 (እ.ኤ.አ.) ነው። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሚሠራ ሰው ትርፉ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል። በ1985 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሳን አንቶኒዮ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅት በመጣ ክርክር፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሕጉ የከተማ አስተዳደሮችንም እንደሚያስገድድ ወሰነ። ከተሞቹ ደነገጡ። ኮንግረስም በዚያው ዓመት ሕጉን ሲያሻሽል የበጎ ፈቃደኞችን ጉዳይ አብሮ ደነገገ።

ድንጋጌው በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ለራሱ መሥሪያ ቤት፣ ደመወዝ የሚበላበትን ዓይነት ሥራ በነፃ ሊሠራ አይችልም። ሥራው የተለየ ከሆነ ግን ይችላል። የከተማው ፖሊስ ከተማው በሚያዘጋጀው የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ ቢዳኝ፣ የመናፈሻ ሠራተኛው በበጎ ፈቃድ እሳት ቢያጠፋ ክፍያ አይጠየቅም። ለጎረቤት ከተማ በነፃ እሳት ማጥፋትም አይከለከልም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። እሳት አደጋ ሠራተኞች አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰዓት ሙሉ ስለሚያድሩ ለእነርሱ የተለየ ስሌት ተፈቅዷል፤ በ28 ቀን ውስጥ ትርፍ ሰዓት የሚቆጠረው ከ212 ሰዓት በኋላ ነው፤ ለፖሊስ ከ171 በኋላ። በሰዓት 20 ዶላር የሚከፈለው አንድ ሠራተኛ 212ቱን ሰዓት ሞልቶ በየሳምንቱ 12 ሰዓት «በነፃ» ጨመረ እንበል። ትርፉ ሰዓት በ30 ዶላር ሲታሰብ በሳምንት 360 ይመጣል፤ በሁለት ዓመት 37,440 ዶላር ይሆናል። ፍርድ ቤት በዚህ ላይ ያንኑ ያህል ካሣ ሊጨምርበት ስለሚችል 74,880 ይደርሳል፤ የሠራተኛው የጠበቃ ክፍያም ይከተላል። ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፤ አሠሪው እያወቀ ከጣሰ ሦስት። አንድ ደግ ሠራተኛ ይህን ያህል ያስወጣል።

ሕጉ ደግነትን የጠላ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። «በበጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ከአለቃ አፍ ሲወጣ ትርጉሙ ይለወጣል። ዕድገት የሚጠብቅ ሰው ቅዳሜ ቅር እያለው ይመጣል፤ ያልመጣው ደግሞ ይታወቅበታል። በ1945 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ይህን መብቱን በስምምነት ሊተው እንደማይችል የወሰነውም ለዚሁ ነው።

አስቸጋሪው ክርክር «አሠሪው አንድ ነው ወይስ ሁለት?» የሚለው ነው። በቨርጂኒያ ቢች ከተማ ደመወዝተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለትርፍ ባልቆሙ የግል የአምቡላንስ ማኅበራት ውስጥ በነፃ ያገለግሉ ነበር። ከተማው ማኅበራቱን ስለሚያስተባብር «አሠሪያችን እርሱው ነው» ብለው ትርፍ ሰዓት ጠየቁ። በ1999 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ማኅበራቱ ከከተማው የተለዩ ናቸው ብሎ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። ይኸው ፍርድ ቤት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚነግዱባቸውን ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያዳርስ ነው።

እዚያ ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ለከፈተ፣ ወይም ለመክፈት ለሚያስብ ወገን፣ ሕጉ ከከተማዎቹ ይልቅ በእርሱ ላይ ይጠብቃል። ለትርፍ በቆመ የግል ድርጅት ውስጥ ደመወዝተኛው በጎ ፈቃደኛ የሚሆንበት በር የለም። በ1985 አንድ የሃይማኖት ተቋም በሚያካሂዳቸው የንግድ ሥራዎች የተሰማሩት ሰዎች ራሳቸው «እኛ በጎ ፈቃደኞች ነን» ብለው ቢመሰክሩም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው ብሏቸዋል። ስለዚህ «ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ላጽዳ» የሚለው አስተናጋጅ ሰዓቱ ይመዘገብለታል። ዓመታዊ ሽያጩ 500 ሺህ ዶላር የደረሰ ድርጅት በጥቅሉ በዚህ ሕግ ሥር ነው፤ ከዚያ በታች ያለውም ቢሆን ሠራተኛው በክፍላተ አገራት መካከል በሚደረግ ንግድ ላይ ከተሰማራ አያመልጥም። የሰዓት መዝገብ ያልያዘ አሠሪ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፦ ከ1946 ጀምሮ መዝገብ በሌለበት የሠራተኛው ምክንያታዊ ግምት ይወሰዳል፤ ማስተባበሉ የአሠሪው ፈንታ ነው።