አንድ ጠላቂ፣ ሁለት ሲሊንደር፦ የግፊት መረጃ እንዴት ይመዘገባል?

ወደ ባሕር የሚጠልቅ ሰው በእጁ ላይ የሚያስረው ኮምፒውተር ጥልቀቱን በየጥቂት ሰከንዱ ይመዘግባል። በሲሊንደሩ ላይ የተገጠመው ሴንሰር ደግሞ የቀረውን የጋዝ ግፊት በሬዲዮ ይልክለታል። ጠላቂው ከውኃ ሲወጣ መረጃው ወደ መዝገብ ሶፍትዌር ይገለበጣል።

ሲሊንደሩ አንድ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ሲሆኑ ግን «120 ባር» የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የየትኛው ሲሊንደር? ግፊቱ በ50 ባር ሲቀንስ፣ ሲሊንደሩ ባለ 12 ሊትር ከሆነ 600 ሊትር ያህል ጋዝ ወጥቷል፤ ባለ 7 ሊትር ከሆነ ግን 350 ብቻ። ሶፍትዌሩ ሴንሰሩን ከማይገባው ሲሊንደር ጋር ካዛመደ የፍጆታው ስሌት ይፋለሳል። በዚያ ስሌት ተማምኖ ዳግም የሚጠልቅ ሰው ጋዙ ካሰበው ቀድሞ ሊያልቅበት ይችላል።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው ሰብሰርፌስ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቅጽበት አንድ ግፊትና አንድ የሴንሰር ቁጥር ብቻ ይይዝ ነበር። ሲሊንደሮቹን በየተራ ለሚጠቀም ሰው ይህ ይበቃል። የተነፈሱትን ጋዝ አጣርቶ መልሶ በሚያስተነፍስ መሣሪያ ለሚጠልቅ ግን አይበቃም፤ የኦክስጅኑም የማቅጠኛው ጋዝም ሲሊንደር በአንድ ጊዜ ክፍት ነውና። ስለሆነም በኋላ አንድ ቅጽበት ከአንድ በላይ ግፊት፣ እያንዳንዱንም ከነሴንሰሩ ቁጥር፣ እንዲይዝ ተደረገ።

የሬዲዮው ምልክት ሲቋረጥስ? ያልተለካ ግፊት እንደ ዜሮ ከተቆጠረ፣ በግራፉ ላይ ሲሊንደሩ በድንገት ባዶ የሆነ ይመስላል። በግምት የተሞላ ቁጥርም ከተለካው ተለይቶ መታየት ይኖርበታል።