ለመኪና የሚሠራ ቤት

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው የሚቀመጥበትንና የሚተኛበትን፤ እሳት የሚነድበትንና እንግዳ የሚያርፍበትን ስፍራ ነው። በዳባትና በደባርቅ አገር የጎጆው ክዳን ሹል መኾኑ ዝናሙ ፈጥኖ እንዲወርድ ነው። የጎንደሩን የዐፄ ፋሲልን ግንብም ብናይ ደረጃው በሰው እግር፤ መስኮቱ በሰው ዐይን ልክ ነው።

ለመኪና የሚሠራ ቤት ግን መለኪያው ሌላ ነው። (መኪና ማለታችን በመንገድ የሚሄደውን ብቻ አይደለም፤ በሞተር የሚሠራውን ኹሉ ነው እንጂ።) ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ እህል ወፍጮ ቤት ይውሰዳቸው። ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ በሚባለው ጠፍር እንደ ኾነ፤ ቺንጋው መዘውሩን አጥብቆ እንዲይዝ ሞተሩ ከወፍጮው ራቅ ብሎ ይተከላል። ስለዚህ የቤቱን ርዝመት የሚወስነው ቺንጋው ነው። ሞተሩ የሚያርፍበትም የሲሚንቶ መሠረት ከግድግዳው ተለይቶ ሊሠራ ይገባዋል፤ አለዚያ ንዝረቱ እየተላለፈ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል።

ትልቁ ምሳሌ ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ውሃው ከሐይቁ ወጥቶ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ከተጓዘ በኋላ ወደ ጥልቅ ወርዶ አራት ተርባይኖችን ያዞራል፤ ኀይላቸውም ተደምሮ 460 ሜጋ ዋት ነው። አዳራሹ ከመሬት በታች ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነውና መስኮት የለውም። ዐለት መፈልፈል ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በላሊበላ ግን ለሚጸልየው ሰው ብርሃን እንዲገባ በዐለቱ መስኮት ተቀርጾለታል። እንዲህ ያለ የመኪና አዳራሽ ጣራው ከፍ የሚለውም እንደ ቤተ መንግሥት ለክብር ሳይኾን፤ በላይ በሐዲድ የሚሄደው ክሬን ከባዱን ዕቃ አንሥቶ ከሌላው በላይ እንዲያሳልፍ ነው።

ይኹን እንጂ በወፍጮ ቤታችን ውስጥ ሰውም ይቆማል። የዱቄቱ ብናኝ ብረቱን ባይጎዳ የሠራተኛውን ሳምባ ይጎዳል፤ መከለያ የሌለው ቺንጋም የነጠላ ጫፍ ቢይዝ ሴቲቱን ጎትቶ ያስገባታል። እንግዲህ ሽማግሎች በቀበሌያቸው አዲስ ወፍጮ ሲተከል ለቺንጋው መከለያ፤ ከበሩ ትይዩ ከፍ ያለ መስኮት፤ ተራ ለሚጠብቁትም በውጭ ጥላ እንዲደረግ ቢጠይቁ መብታቸው ነው። ተማሪዎቹም ሞተሩ ቆሞ ሳለ ከመዘውር እስከ መዘውር ያለውን ርቀት በክንድ ለክተው የቤቱን ቅርጽ በሰሌዳ ይሣሉ፤ ሰው የሚቆምበትንም ስፍራ በጠመኔ ያመልክቱ።