የመኖሪያ ፈቃዱ በማን እጅ ነው?
ለረጅም ጊዜ የምንኖርበትን የውጭ አገር ስለ መምረጥ

መግቢያ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ደሴ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ በሄድኩበት ጊዜ ያልጠበቅሁት የቤት ሥራ ገጠመኝ። ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ስላልመጣላት «እኔም እንደ ሰዉ ልሂድ» ብላለች። አንድ የሰፈር ደላላ ደግሞ «ሳዑዲም አለ፣ ቤይሩትም አለ፣ ዱባይም አለ፤ ደስ ያላችሁን ምረጡ። በሁለት ወር ትበራለች» ብሎ እናቴን አሳምኗታል። እናቴም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አንተ የተማርከው ነህ፤ የቱ አገር እንደሚሻል ንገረን» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። በሰፈራችን አገር የሚመረጠው «እዚያ ስንት ይከፍላሉ?» ተብሎ ነው። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ደመወዝ ማወዳደር ነበር። ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እህቴ ናት። ደላላው ቡና ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ «ሴትዮዋ ክፉ ብትሆን ሌላ ቤት መግባት እችላለሁ?» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «ኧረ ክፉ አይደሉም» አለ። ይሄ ደግሞ ለጥያቄዋ መልስ አይደለም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የእህቴን ጥያቄ ይዤ አንድ ሰው ለዓመታት የሚኖርበትን ባዕድ አገር ሲመርጥ ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ለማሳየት እሞክራለሁ።

1. ፈቃዱ በማን እጅ ነው?

የውጭ ዜጋ በሰው አገር የሚኖረው በፈቃድ ነው። ፈቃዱ ግን በሁሉም አገር አንድ ዓይነት መሠረት የለውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ ለረጅም ዘመን የሠራው «ከፋላ» የሚባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። አስገቢው እሱ ነው፤ ኢቃማዋን የሚያሳድሰውም እሱ ነው። ጥላው ከሄደች «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክትባታል፤ ያን ጊዜ የጠፋችው ቤቱን ብቻ ሳይሆን ሕጋዊነቷንም ጭምር ነው።

የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በሕጋዊ መንገድ ነበር የገባችው። አሠሪዋ ሰባት ወር ደመወዝ ሲይዝባት ወጥታ ሌላ ቤት ገባች። እዚያ ጥሩ ሰዎች ገጠሟት፣ ጥሩም ከፈሏት፤ ወረቀት ግን አልነበራትም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማባረር ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እሷም ከእነሱ አንዷ ነበረች። የአራት ዓመት ኑሮዋን በአንድ ፌስታል ይዛ ነው ቦሌ የወረደችው። ደመወዙ መጥፎ ስለነበር አይደለም፤ ፈቃዱ በእጇ ስላልነበረ ነው።

ሥርዓቱ ምንም አልተሻሻለም ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2020 ሠራተኛው ያለ አሠሪው ስምምነት ሥራ እንዲቀይር ፈቅዳለች። ሳዑዲም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ተመሳሳይ ለውጥ ጀምራለች፤ ሆኖም የሳዑዲው ለውጥ ሲጀመር የቤት ሠራተኞችን፣ የቤት ሹፌሮችንና እረኞችን አላካተተም። ከአገራችን የሚሄዱት እህቶች ደግሞ በብዛት የሚገቡት ቤት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደላላው «ዱባይ» ሲል ለሁሉም ሰው አንድ ዱባይ ያለ ይመስላል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለባለሀብቶችና ለከፍተኛ ባለሙያዎች የ10 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች። ይህን የያዘ ሰው አሠሪ ዋስ አያስፈልገውም። ስለዚህ ባለሀብቱና የቤት ሠራተኛዋ በአንድ አውሮፕላን ቢሄዱም የሚያርፉት አንድ አገር ላይ አይደለም። መመረጥ ያለበት የአገሩ ስም ብቻ ሳይሆን የምንገባበት በርም ነው።

2. የምሠራውን ሥራ ሕጉ ያውቀዋል?

ሁለተኛው ጥያቄ የአገሩ የሠራተኛ ሕግ እኛ የምንሠራውን ሥራ ያካትታል ወይ የሚለው ነው። ሊባኖስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአገሩ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አውጥቷቸዋል። ይህ በደህናው ቀን ላይታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅና ሊራው ዋጋ ሲያጣ ግን ፈጦ ወጣ። በሰኔ 2020 ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። አንዳንዶቹ የወራት ደመወዝ ያልተከፈላቸው ነበሩ። «በዶላር ይከፍላሉ» ተብለው የሄዱ ልጆች በመጨረሻ ዶላሩም፣ ሊራውም፣ ማደሪያውም አልነበራቸውም።

ከዚህ የምንማረው አገር ስንመርጥ ሕጉን የምንመዝነው ለደህና ቀን ሳይሆን ለክፉ ቀን መሆኑን ነው።

3. ዓመታቱ ይቆጠራሉ?

በአንዳንድ አገር 20 ዓመት ኖሮ እንግዳ ሆኖ መቅረት አለ። በሌላው ደግሞ እያንዳንዱ ዓመት ወደ ቋሚነት ያስጠጋል። ለምሳሌ በጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት በሕጋዊ መንገድ 5 ዓመት የኖረ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና ራሱን የሚችል የውጭ ዜጋ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። በባሕረ ሰላጤው ግን ለተራ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ቆጠራ የለም ማለት ይቻላል፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ቆይታውም ያልቃል።

አሜሪካስ? እንባል ይሆናል። ዲቪ የደረሰው ሰው መኖሪያ ፈቃዱን በራሱ ስም ይይዝ እንደነበር እውነት ነው። ነገር ግን ዕጣ ዕጣ ነው፤ ምርጫ አይባልም። ፖለቲካ በተለወጠ ቁጥርም ይናወጣል። እሱን እየጠበቀ ዕድሜውን የፈጀ ጎረቤት የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዜግነት ሲባል ደግሞ የራሳችንም ሕግ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ለእነዚህ ወገኖች በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለው፣ ተፈቅዷል። ካርዱ ያለ ቪዛ ለመግባትና ለመሥራት ይረዳል፤ ለመምረጥና ለመመረጥ ግን አይሆንም። ይሄም ከመሄድ በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

4. በሩ ስንት ያስከፍላል?

እስከዚህ ያነበበ ሰው «ታዲያ ሁሉም ለምን ጀርመን አይሄድም?» ሊለኝ ይችላል። እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። መልሱ በሩ ውድ ነው የሚል ነው። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሄድ ተማሪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ በዝግ የባንክ ሒሳብ ማሳየት ይጠበቅበታል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ የወጣ ተመን ነው። ለእኛ ቤት ይህ ገንዘብ ህልም ነው።

በአንጻሩ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎ ነበር። ድሃው ወደዚያ የሚያዘነብለው ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን የሚከፈትለት በር ያ ብቻ ስለሆነ ነው። ይህን ሳያስቡ የሚሄዱትን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ሆኖም ስፈልግ ስፈልግ አንድ ሌላ በር አገኘሁ። ጀርመን «አውስቢልዱንግ» የሚባል፣ እየሠሩ የሚማሩበት የሙያ ሥልጠና አላት። የነርስነቱ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን ሠልጣኙ በየወሩ ይከፈለዋል። ክፍያው ለኑሮ የሚበቃ ከሆነ ያ ሁሉ ዝግ ሒሳብ አያስፈልግም። ሕጉን ሳነብ ልቤን የነካው ግን ክፍያው አልነበረም። ሥልጠናው በሠልጣኙ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ቢቋረጥ፣ ፈቃዱ ከመነጠቁ በፊት ሌላ ቦታ የሚፈልግበት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ጊዜ ይሰጠዋል። የእህቴ ጥያቄ እዚህ ተመልሷል፦ አዎ፣ ሌላ ቤት መግባት ትችያለሽ።

ዋጋው ጊዜ ነው። ቋንቋውን መማር ብቻ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ የትምህርት ማስረጃዋም እዚያ መታወቅ አለበት፤ የሚቀበላት ተቋምም መገኘት አለበት።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ አገር ስንመርጥ ከደመወዙ በፊት አራት ነገር እንጠይቅ። ፈቃዱ በማን እጅ ነው? ሕጉ ሥራዬን ያውቀዋል? ዓመቶቼ ይቆጠራሉ? በሩ ምን ያስከፍለኛል፣ በገንዘብም በጊዜም? የመጀመሪያውን ያልመለሰ ሰው ሌሎቹን ቢመልስ ብዙም አይጠቅመውም፤ በሰው እጅ ያለ ፈቃድ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይሄዳልና።

እናቴ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላትም። የቤታችን ጣሪያ የሚጠገነው ገንዘብ በቶሎ ሲመጣ መሆኑን ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ደላላው በመጣ ቁጥር «የጎረቤት ልጅ ሄደች፣ የእናንተዋ ተቀምጣለች» ይላታል። እኔ ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የራሷን ተረት መልሼ እነግራታለሁ። እህቴ አዲስ አበባ አክስታችን ጋ ሆና፣ ቀን ሱቅ እየሠራች ማታ ጀርመንኛ ትማራለች። ይሳካላታል ብዬ መማል አልችልም። ባይሳካላት እንኳ ቋንቋው በእጇ ይቀራል፤ ከመሄዷ በፊት መጠየቅ ያለባትንም ታውቃለች።

ቸር ይግጠመን።