ስለ ዋና መዝገብና ስለ ምንጩ ታማኝነት

የአንድ ሰው ስም በግብር ቤት አንድ ዓይነት፣ በሐኪም ቤት ሌላ ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ፣ ትክክለኛውን የሚለይ ዋና መዝገብ ያስፈልጋል። የኬንያ መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ሁዱማ ናምባ የተባለውን ቁጥር ሲያወጣ አሳቡ ይኸው ነበር፤ ከ36 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም ተመዘገበ። ናይሮቢ የሚገኘው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን በ2020 ሥራው በቂ ሕግ ሳይወጣለት እንዳይቀጥል ፈረደ።

ከሕጉም ሌላ የምንጩ ጉዳይ አለ። ከዚያ አስቀድሞ በጋሪሳ አውራጃ፣ በድርቅ ዘመን የምግብ ርዳታ ለማግኘት ሲሉ በስደተኞች መዝገብ የገቡ የኬንያ ተወላጆች ነበሩ። ያ መዝገብ የተከፈተው ቀለብ ለማደል እንጂ ዜግነትን ለመለየት አልነበረም። ልጆቹ አድገው መታወቂያ ሲጠይቁ ግን የጣት አሻራቸው ከስደተኞች ጋር ተገኘና ተከለከሉ። መዝገቦቹ ባይገናኙ ኖሮ ስሕተቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ በቀረ ነበር።

ስለዚህ መዝገብ ያዡ እያንዳንዱ ቃል ከማን፣ መቼና ለምን ጉዳይ እንደ ተወሰደ አብሮ ሊጽፍ፣ ሁለት ምንጮች ሲጋጩም የትኛው እንደሚጸና አስቀድሞ ሊወስን ይገባዋል። ባለጉዳዩ ስሕተቱን የሚያሳርምበት በርም ሊኖር ግድ ነው፤ ይህ የኋለኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የጋሪሳ ሰዎች ስማቸውን ከስደተኞች መዝገብ ለማሰረዝ ዓመታት ጠበቁ፤ እስከዚያው ያለ መታወቂያ ኖሩ።