ለብርቱ አውቶሞቢል የሚስማማ የሞተር ዘይት አመራረጥ

ይፋግ በጎንደር ነገሥታት ዘመንና ከዚያም በኋላ፥ ከጣና በስተ ምሥራቅ ስሟ የገነነ የገበያ ስፍራ እንደ ነበረች ይታወቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ አገር ይነግድ የነበረ ሰው የማርያ ቴሬዛን ብር ሲቀበል በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ ሳይመለከት፥ አሞሌውንም ዙሪያው እንዳልተሸረፈ ሳያገላብጥ ዕቃውን አያስረክብም ነበር። ዛሬ ከባሕር ዳር በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር በሚወጣው በዚያው መንገድ ባለ ቱርቦ መኪና ይመላለሳል፤ በመንገዱ ዳር ባሉት ሱቆችም የሞተር ዘይት በጣሳና በጄሪካን ተደርድሮ ይታያል። ነገር ግን በጣሳው ላይ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር አባቶች ብሩን ይመረምሩ እንደ ነበረው አድርጎ የሚመረምር ነጋዴ ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚሸጠው ስሙ በታወቀውና ዋጋው በረከሰው እየለየ ነው።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የከበደበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በሰው እጅ ያለው ባለ ብርቱ ሞተር መኪና በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዕቃ ዋጋ በብር ሲታሰብ እጅግ ከፍ ብሏል። አንድ ቱርቦ ወይም አንድ አልቤሮ በተሳሳተ ዘይት ምክንያት ቢበላሽ ባለ መኪናው የሚከፍለው ገንዘብ ከብዙ ዓመት የዘይት ወጪው ሊበልጥ ይችላል። ዘይቱን የሸጠውም ነጋዴ ደንበኛውን ያጣል፤ ከአንዱ ደንበኛ ጋርም በዚያ መንደር ያለውን ስሙን።

በአገራችን ብርቱ አውቶሞቢል ሲባል በውጭ አገር በውድድር ሜዳ የሚሮጠው ዓይነት ብቻ ሊታሰብ አይገባም። በጣና ዙሪያ በብዛት የሚታየው ባለ 8 ሲሊንደር ናፍጣ ላንድክሩዘር፥ ሕዝቡ ቪ ኤት የሚለው፥ ሃይሉክስ ፒክ አፕ፥ ዶልፊን የተባለው ሃይኤስ፥ እንዲሁም ትንሽ ሆኖ በቱርቦ የሚታገዝ አዲስ የቤንዚን ሞተር ያለው የቤት መኪና ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከመጠናቸው በላይ ኀይል የሚያወጡት አየርን አምቆ በሚያስገባ ቱርቦ ነው። በመካኒኮችና በሱቆች ዘንድ ተደጋግሞ የሚሰማው አባባል ግን «ኀይለኛ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል» የሚል ነው።

ይህ አባባል ለአንዳንዱ ሞተር እውነት፥ ለብዙው ግን ስሕተት ነው። የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ ኤም በተባለው ክፍሉ ለሠራቸው አንዳንድ ፈጣን ሞተሮች 10ደብልዩ-60 የተባለውን እጅግ ወፍራም ዘይት አዝዞ ነበር። በአንጻሩ ቶዮታ ለጂ.አር. 86 ስፖርት መኪናው ያዘዘው 0ደብልዩ-20 የተባለውን ቀጭን ዘይት ነው። ሁለቱም ፈጣኖች ናቸው፤ ልዩነቱ የተሠራው በኩሽኔታው ክፍተትና በዘይት ፓምፑ ልክ ነው። ስለዚህ የመኪናው ፍጥነት የዘይቱን ቁጥር አይናገርም፤ የሚናገረው የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የጠፋበት ባለ መኪና ብዙ ስለ ሆነ፥ ዘይት የሚሸጥ ሱቅ በአካባቢው የሚመላለሱትን ዋና ዋና ሞተሮች ዝርዝር ከአስመጪው ወይም ከወኪሉ ጠይቆ በግድግዳው ላይ ቢለጥፍ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። የቁጥሩን ደንብ ያወጣው በ1905 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ነው። 5ደብልዩ-30 ተብሎ ሲጻፍ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ፥ የኋለኛው በሞቀ ሞተር ውስጥ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ደብልዩ የተባለችው ፊደል በእንግሊዝኛ ክረምት ለሚለው ቃል መነሻ ናት፤ ይህም የፈረንጅ የበረዶ ወራት ማለት ነው እንጂ የእኛ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አይደለም። 15ደብልዩ የተባለው ዘይት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ፥ 5ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ሞተር ለማስነሣት ይችል እንደ ሆነ ይፈተናል። እንዲህ ያለ ብርድ በባሕር ዳር ቀርቶ በደባርቅ ተራራም የለም። ስለዚህ ለእኛ ነጋዴ ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው የኋለኛው ቁጥር ነው።

ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ውፍረቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ ያለው 30፥ ከ12.5 እስከ 16.3 ያለው 40፥ ከ16.3 እስከ 21.9 ያለው 50 ይባላል። ከዚህም ሌላ በ150 ዲግሪ ሙቀት፥ በኩሽኔታው ጠባብ ክፍተት ውስጥ በኀይል ሲታሽ፥ ዘይቱ ምን ያህል እንደሚጸና የሚለካበት ፈተና አለ። በዚህ ፈተና ባለ 20 ዘይት ቢያንስ 2.6፥ ባለ 30 ቢያንስ 2.9፥ ባለ 40 እንደየክፍሉ 3.5 ወይም 3.7 ማግኘት አለበት። በብርቱ ሞተር ላይ የሚፈርደው ይህ የመጨረሻው ልክ ነው።

የጣና ዳርቻ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ምክንያት ኀይሉን ያጣል፤ ነጂውም ያውቀዋል። ባለ ቱርቦው ግን የጎደለውን አየር ለመሙላት ቱርቦውን ይበልጥ በፍጥነት ያሽከረክረዋል። ቱርቦ ደግሞ በቆላም ቢሆን በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚዞር ዕቃ ነው፤ በአንድ ወገኑ የሚነድ ጭስ ያልፍበታል፥ ዘንጉን ይዞ የሚያቆየውም ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሙሉ ጭነት የያዘ ሃይኤስ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ወደ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣው ደግሞ ከዚያ የባሰ ዳገት በቆላ ሙቀት ይጠብቀዋል። ነጂው ዳገቱን እንደ ጨረሰ ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ ዘይቱ መፍሰሱን ያቆማል፤ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረውም ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። ከሰሉ እየተጠራቀመ የዘይቱን ቀጭን መተላለፊያ ይዘጋል፥ ቱርቦውም ደርቆ ይያዛል። ብዙ ጊዜ «ቱርቦው ፌክ ነበር» ተብሎ የሚፈረድበት ጥፋት ከዚህ የመጣ ነው። ከዳገት በኋላ ሞተሩን ሳያጠፉ አንድና ሁለት ደቂቃ ማቆየት ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ ዘይት ሻጩም ይህን ለደንበኛው መናገር ይገባዋል።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚመረጠው ዘይት ሙቀትን የሚችል፥ በማጣራት የተሻሻለ ወይም ሲንቴቲክ የተባለው ነው። መመሪያው መጽሐፍ ለሞቃት አገርና ለከባድ ጭነት ከባለ 30 ወደ ባለ 40 ማለፍን የፈቀደ እንደ ሆነ 5ደብልዩ-40 ለዳገት መንገድ መልካም ምርጫ ነው። መጽሐፉ ያልፈቀደውን ግን ሱቁ ሊፈቅድ አይችልም። በተለይ 20ደብልዩ-50 የተባለውን ወፍራም ዘይት በአዲስ ሞተር ውስጥ መጨመር ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ ወደ ቱርቦው ዘግይቶ እንዲደርስ ያደርጋል፤ ጉዳቱ በአንድ ቀን አይታይም፥ በየማለዳው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል እንጂ። ጭስ የሚያበዛ አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ወፍራም ዘይት የጠየቀ እንደ ሆነ ፋሻው ማለቁን መንገር እውነተኛው መልስ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ፊደሉ ይነበባል። የአሜሪካ የነዳጅ ኢንስቲትዩት ለቤንዚን ሞተር የሚሆነውን በኤስ፥ ለናፍጣ የሚሆነውን በሲ ይጀምራል፤ በኤስ ተራ ተከታዩ ፊደል በፊደል ገበታ በራቀ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው። ኤስ.ኤፍ. ከ1980 እ.ኤ.አ.፥ ኤስ.ኤል. ከ2001፥ ኤስ.ፒ. ከ2020 የመጡ ናቸው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ትንሽ ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሲሆን፥ በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት ሲጎትት ነዳጁ ያለ ጊዜው እየነደደ ፒስተን የሚሰብርበት ሁኔታ አለ። ይህ ጥፋት በዘይቱ ውስጥ ካለው የካልሲየም ማጽጃ ብዛት ጋር የተያያዘ መሆኑ ስለ ተደረሰበት ኤስ.ፒ. ይህንኑ እንዲከላከል ተፈትኖ ወጥቷል። በናፍጣ በኩል ሲ.ኬ.-4 የተባለው በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣ ነው። የጭስ ማጣሪያ ለተገጠመለት አዲስ የናፍጣ ሞተር አመዱ ያነሰ ዘይት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማጣሪያው ይደፈናል። ለአውሮፓ መኪና ደግሞ የፋብሪካው የራሱ ፈቃድ፥ ለምሳሌ የመርሴዲስ 229.5 ወይም የፖርሽ ኤ40፥ በጣሳው ጀርባ ተጽፎ ይገኛል። «ይስማማል» የሚለው ቃልና «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው የዘይት ሻጩ ቃል ነው፥ ሁለተኛው የመኪናው ሠሪ።

ሲንቴቲክ የተባለው ስም የሚያስፈራው ሰው ካለ፥ ለውድድር መኪና ልዩ ዘይት የመፈለግ ነገር አዲስ አለመሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእሽቅድምድም መኪናና የአውሮፕላን ሞተር ይቀባ የነበረው በጓሮአችን በሚበቅለው በጉሎ ዘይት ነበር፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የወጣው ካስትሮል የተባለው ስምም የተወሰደው ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም ነው። የጉሎ ዘይት ግለትን አጥብቆ ይችላል። ነገር ግን ቶሎ እየተጣበቀ ሞተሩን ስለሚያቆሽሽ በየጊዜው መፍታትና ማጠብ ግድ ነበር። ስለዚህ ለምጣድ ማሰሻ ቢቀር ይሻላል።

ትክክለኛውን ቁጥርና ፊደል ማወቅ ግን በጣሳው ውስጥ ያለው ዘይት ሌላ ከሆነ ዋጋ የለውም። ከበርሜል እየተቀዳ በልቅ የሚሸጥ ዘይት ለብርቱ ሞተር አይሆንም፤ ቁጥሩም ፊደሉም በበርሜሉ ላይ ቀርቷልና። ባዶ ጄሪካን በየቤቱ ለውሃና ለጠላ ስለሚፈለግ ሰው አይጥለውም፤ ከዚህም የተነሣ ባዶውን ገዝቶ ርካሽ ወይም የተቃጠለ ዘይት ሞልቶ መልሶ ለሚሸጥ አታላይ በሩ የተከፈተ ነው። ሻጩ ዘይቱን ሲገዛ ከወኪሉ ደረሰኝ ይቀበል፤ የክዳኑ ማኅተም መያዙን፥ በጣሳው ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና በካርቶኑ ላይ ያለው አንድ መሆናቸውን ይመልከት። ዘይት በሱቁ ደጃፍ የሚቀየር ከሆነም ባዶውን በደንበኛው ፊት መብሳት አለበት። ደንበኛው ስለ ጄሪካኑ ቢያጉረመርም በዋጋው ጥቂት ይቀነስለት። ከሞተሩ የወጣውንም የተቃጠለ ዘይት ወደ ርብ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ማፍሰስ ሐይቁን መበከል ነውና፥ በበርሜል ይጠራቀም።

አቧራን ያልቆጠረ ሒሳብም አይሠራም። በበጋ ወራት ከፎገራ ሜዳ ወደ ውስጥ በሚገባው ጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና፥ አምራቹ በመልካም መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢፈቅድለት እንኳ በ5,000 ዘይቱን ከነፊልትሮው መቀየር ይኖርበታል። ውድ ዘይት ገዝቶ የአየር ማጣሪያውን ያልቀየረ ሰው ገንዘቡን በአቧራ ላይ አፈሰሰ።

በይፋግ ወይም በአዲስ ዘመን ያለ ባለ መጠነኛ ካፒታል ሱቅ ሁሉንም ዓይነት ሊያስቀምጥ አይችልም። በአካባቢው ላሉት ናፍጣ መኪናዎች 15ደብልዩ-40 በሲ ደረጃ፥ ለባለ ቱርቦዎቹ 5ደብልዩ-30 እና 5ደብልዩ-40 ሲንቴቲክ፥ ለአዲሶቹ የቤንዚን መኪናዎች ጥቂት ካርቶን 0ደብልዩ-20 በኤስ.ፒ. ደረጃ ቢይዝ የብዙውን ደንበኛ ጥያቄ ይመልሳል። ባለ 8 ሲሊንደሩ ናፍጣ ሞተር በአንድ ጊዜ 9 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል ባለ 4 ሊትር ጣሳ ሁለት ብቻ ይዞ መገኘት ደንበኛውን መመለስ ነው። 10ደብልዩ-60 በትእዛዝ ካልሆነ አይገዛ፤ በመደርደሪያ ላይ ሲያረጅ ይኖራልና። ሳይከፈት በደረቅና በጥላ ስፍራ የተቀመጠ ዘይት እስከ 5 ዓመት እንደሚቆይ አንዳንድ አምራቾች ይናገራሉ፤ ስለዚህ ቀድሞ የመጣው ከፊት ተደርድሮ ቀድሞ ይሸጥ፥ ለዕይታ ተብሎ በደጃፍ ፀሐይ ላይ የሚሰለፈውም ባዶ ጣሳ ይሁን፥ እርሱም የተበሳ።