ምጥን በመድኃኒት ማስጀመር፦ ከመድኃኒቱ በፊት የቀኑ ጉዳይ

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 ጀምሮ «ሊትል ኢትዮጵያ» በተባለው ሰፈር ዙሪያ የምትኖር ነፍሰ ጡር፣ እንደማንኛዋም የአሜሪካ እናት፣ «በ39ኛው ሳምንት ምጡን በመድኃኒት እናስጀምርልሽ?» የሚል ጥያቄ ከሐኪሟ ሊቀርብላት ይችላል። ጥያቄው ጉልበት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2018 ከታተመው «አራይቭ» የተሰኘ ጥናት ነው።

ጥናቱ በ41 የአሜሪካ ሆስፒታሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱ 6,106 ጤናማ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። በ39ኛው ሳምንት ምጥ ከተጀመረላቸው 18.6 በመቶው፣ ከጠበቁት ደግሞ 22.2 በመቶው በቀዶ ሕክምና ወለዱ። በጨቅላዎቹ ላይ የደረሰው ሞትና ከባድ ጉዳት 4.3 በመቶ እና 5.4 በመቶ ነበር፤ ይህ ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ መለኪያ አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ «ለሕፃኑ ይሻላል» የሚለው አባባል ከጥናቱ አልፎ የሄደ ይመስለኛል።

ቀኑ ሲገፋ ነገሩ ይለወጣል። በስዊድን 41ኛውንና 42ኛውን ሳምንት ያነጻጸረ ጥናት፣ ከጠበቁት እናቶች ወገን 6 ሕፃናት ሲሞቱ ከሌላው ወገን አንድም ስላልሞተ ቀድሞ እንዲቋረጥ ተደርጓል።

መድኃኒቱ የራሱ አደጋ አለው። ኦክሲቶሲን ማህፀንን ከልክ በላይ ካኮማተረ ለሕፃኑ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የልብ ምቱ ያለማቋረጥ የሚለካው ለዚህ ነው።

ከ39ኛው ሳምንት በፊት ያለ ሕክምና ምክንያት ምጥ ማስጀመር ደግሞ ሕፃኑን ለመተንፈስ ችግር ያጋልጣል። የእኛ ሰው ልዩ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 1 የጀመረ እናት «ሴፕቴምበር 1» ተብሎ ቢጻፍላት (ትክክለኛው አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው) 39 ሳምንት የሞላው የሚመስለው ጽንስ በእውነቱ 37 ሳምንት ከ4 ቀን ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች 280ውን ቀን የሚያሰሉት በራሳችን አቆጣጠር ነው፦ 9 ወር ከ10 ቀን ይደምራሉ፤ ጳጉሜን በመካከል ከገባች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። ለመስከረም 1 የመውለጃው ቀን ሰኔ 11 ይሆናል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳ አልትራሳውንድ እንዲህ ያለውን ስሕተት ያጋልጣል። ክትትል ዘግይታ የጀመረች ወይም ነፍሰ ጡር ሆና ከአገር ቤት የመጣች እናት ግን ይህ ማስረጃ ላይኖራት ስለሚችል፣ የምትናገረው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለሐኪሟ አስቀድማ ትግለጽ።