«ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል»፦ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን ቤታችንን እንዴት እናዘጋጅ?

 

ነሐሴ እየተገባደደ ነው። ምዝገባው፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ የሰርቪስ ክፍያው፣ በላዩ ላይ ደግሞ የበዓሉ ወጪ ተደራርቦ መጥቷል። በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ «ዶክተር፣ ልጄ ትምህርት ሲጀመር ይከሳል፣ ምን ቫይታሚን ልስጠው?» የሚሉ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ቫይታሚን አይደለም የሚያስፈልጋቸው። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ለማስረዳት ባለፈው ዓመት የገጠመኝን ልንገራችሁ። የእናትየውን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገርም ቀይሬያለሁ።

መስከረም መጨረሻ አካባቢ ነው። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። «ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ያለቅሳል። ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ነው» አሉኝ። ሰገራ አሳየሁት፤ ጃርዲያ ተገኘ፤ መድኃኒት ጻፍኩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ሕመሙ አልተወውም። በዚህኛው ምርመራ ምንም አልተገኘም፤ እኔ ግን ወረፋው ረጅም ስለነበር «ለማንኛውም» ብዬ ሌላ መድኃኒት ጻፍኩ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው። ማከም የነበረብኝ ልጁን ሆኖ ሳለ ወረቀቱን ነው ያከምኩት።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ወረፋው ቀለል ያለ ቀን ነበር። ልጁን አስቀምጬ፣ «ጎበዝ፣ ሽንት ቤት መቼ መቼ ነው የምትሄደው?» አልኩት። እናቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ትምህርት ቤት አልሄድም። በሩ አይዘጋም፣ ልጆቹ ይስቃሉ» አለኝ። ጠዋትስ? «ሰርቪሱ ይመጣል።» ማታስ? «እረሳለሁ።»

ሆዱን ስዳስሰው በግራ በኩል ወደ ታች የደረቀ ሰገራ ተጠራቅሟል። የልጁ ችግር ድርቀት ነበር። ድርቀቱ ደግሞ የመጣው ከሰዓት እጥረት ነው። ከእንቅልፉ የሚነሳው 12፡10፣ ሰርቪሱ የሚመጣው 12፡30። በሃያ ደቂቃ ውስጥ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሁለት ጉርሻ መጉረስ፣ መሮጥ! እናቱ ከሥራ የሚገቡት ማታ 1፡30 ነው። እሳቸውን ለማየት ሲል እስከ 4፡30 አይተኛም። በዚያው እግረ መንገዴን የእናትየውን የደም ግፊት ብለካው 150 በ95 ሆነ። «እኔንማ ተወኝ፣ ለልጁ ነው የመጣሁት» አሉኝና ዕንባቸው መጣ።

እንግዲህ የዛሬው ትምህርት ከዚህ ነው የሚነሳው። የልጁ ሆድ፣ የእናቱ ግፊት፣ የቤቱ ሰዓት፣ ሦስቱም አንድ ጉዳይ ናቸው።

1. ሰገራ መያዝ ቀላል ነገር አይደለም

ልጅ ሰገራውን ሲይዝ ትልቁ አንጀት ከሰገራው ውኃውን ይመጠዋል፤ ሰገራው ይደርቃል። የደረቀው ሲወጣ ያማል። ያመመው ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይይዛል። ዙሪያ ጥምጥም ነው። እየቆየ ሲሄድ ፈሳሽ ሰገራ በደረቀው ጎን እያመለጠ ሱሪ ያበላሻል። ብዙ ወላጅ ይህን «ስንፍና» ብሎ ይቀጣል። ስንፍና አይደለም፣ ልጁ አይቆጣጠረውም። ሽንት የሚይዙ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይጋለጣሉ። አንዳንዶቹ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው ቀኑን ሙሉ ውኃ አይጠጡም።

መፍትሔው ምንድን ነው? ምግብ ስንበላ አንጀታችን በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ልጁ ቁርስ በልቶ እንደጨረሰ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሽንት ቤት ይቀመጥ። ቢመጣም ባይመጣም፣ ያለ ቁጣ። መቀመጫው ከፍ ያለ ከሆነ እግሩ እንዳይንጠለጠል ዱካ ነገር አድርጉለት። ውኃ፣ ፍራፍሬ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ ይጨመር። ብዙ የቆየ ከሆነ ማለስለሻ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ እሱን ግን ሐኪም ይዘዘው። ከዚያ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱና ሽንት ቤቱን በዓይናችሁ እዩ። በሩ ይዘጋል ወይ? ውኃ አለ ወይ? ስለ ክፍያ የምትከራከሩትን ያህል ስለዚህም ተከራከሩ።

2. «ትምህርት ላለመሄድ ነው» ከማለታችሁ በፊት

በትምህርት ቀን ጠዋት ብቻ የሚመጣ የሆድ ሕመም ከጭንቀትም ሊሆን ይችላል። አዲስ ክፍል፣ አዲስ መምህር፣ የሚያስፈራራው ልጅ፣ ከእናት መለየት። አንጀትና አንጎል በነርቭ የተያያዙ ስለሆኑ ጭንቀት በእውነት ሆድ ያሳምማል። ልጁ አያስመስልም፤ ሕመሙ እውነት ነው። በአንድ ጊዜ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ማፋጠጥ ግን መልስ አያመጣም። «ዛሬ ከማን ጋር ምሳ በላህ?»፣ «በእረፍት ሰዓት የት ነበርክ?» በሏቸው። ወሬው ከዚያ ይመጣል።

እነዚህን ካያችሁ ግን ሳትቆዩ ወደ ሕክምና ሂዱ፦

- ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ
- ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ወይም አረንጓዴ ትውከት፣ ሰገራ ላይ ደም
- በቀኝ የታችኛው ሆድ በኩል እየባሰ የሚሄድ ሕመም
- ሽንት ሲሸና ማቃጠል
- ክብደት መቀነስ
- ብዙ ውኃ መጠጣት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና መጀመር (ይህ የስኳር ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር)

3. እንቅልፉን ከአሁኑ አስተካክሉ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ያ ልጅ ማታ 4፡30 ተኝቶ 12፡10 ሲነሳ የሚያገኘው ሰባት ሰዓት ከአርባ ብቻ ነበር። እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ሁልጊዜ አያንቀላፋም፤ ብዙ ጊዜ ይነጫነጫል፣ ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት አይገባውም።

ክረምቱን ሙሉ አምሽቶ የከረመን ልጅ ትምህርት በሚጀመርበት ዋዜማ «ዛሬ በጊዜ ተኛ» ብንለው አይሆንለትም። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው ቀስ በቀስ ነው። በቀን 15 ደቂቃ ወደፊት አምጡት። ከ4፡30 ወደ 2፡30 ለማምጣት ስምንት ቀን ይፈጃል፤ ነሐሴ 27 ብትጀምሩ ጳጉሜ 4 ማታ ትደርሳላችሁ። የዘመን መለወጫ ዋዜማ ችቦውም ዘፈኑም ስላለ ያን ማታ ተዉላቸው፣ አንድ ቀን አያበላሽም። ጠዋት መነሻውንም እንዲሁ አስተካክሉ፤ እንደተነሱ መጋረጃ ክፈቱ፣ የጠዋት ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ስልኩና ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። ማታ ማታ ቡናና ሻይ ለልጅ አትስጡ።

4. ቁርስና ምሳ ዕቃ

ቁርስ የግድ የተለየ ነገር መሆን የለበትም። እንቁላል በዳቦ፣ ገንፎ፣ በሶ፣ ፍርፍር፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ በቂ ነው። ሻይ ግን ከምግብ ጋር አታድርጉት። ሻይ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከእንጀራችንና ከጥራጥሬው የምናገኘውን አይረን እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቁት። በምግቡ ላይ ብርቱካን ወይም ቲማቲም ከተጨመረ አይረኑ የተሻለ ይመጠጣል።

ስለ ምሳ ዕቃ አንድ ነገር ልብ በሉ። 12 ሰዓት ላይ የታሸገ ምግብ የሚበላው 6 ሰዓት ላይ ነው። የበሰለ ምግብ ሙቀት ከሌለው ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ካላችሁ በፈላ ውኃ አሙቁት፣ ውኃውን ድፉና በደንብ የፈላውን ምግብ ጨምሩበት። ከሌላችሁ ሥጋ፣ ወተትና ማዮኔዝ ያለበትን ተዉት፤ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ቆሎ፣ ያልተላጠ ሙዝ ይሻላል። (ለትንንሾቹ ቆሎና ለውዝ ስለሚያንቃቸው አትስጡ።)

5. ከመክፈቻው በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ

- ዓይን፦ ቴሌቪዥን ተጠግቶ ያያል? ዓይኑን ያጨነቁራል? «ሰነፍ» የተባለ ስንት ተማሪ ሰሌዳው ሳይታየው ቀርቷል።
- ራስ ቆዳ፦ ፀጉር የሚያረግፍ ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።
- አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱ በቦርሳው ይኑር፤ መምህሩም ይወቅ።
- ክትባት፦ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለሴት ልጆች እየተሰጠ ነው። የልጃችሁ ዕድሜ ይደርስ እንደሆነ ጠይቁ።
- ቦርሳ፦ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ አይለፍ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ማለት ነው።

6. እናንተስ?

አሁን ወደ እናትየው እንመለስ። ሁለት ጊዜ በሌላ ቀን ለክተን ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ዛሬ ክትትል ላይ ናቸው። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ሳይለኩት አይታወቅም። የሥራና የቤት ጫና ብቻውን በሽታ ነው ባልልም፣ እንቅልፍ ሲያሳጣችሁ፣ ምግብ ሲያዘልላችሁ፣ «ነገ እታያለሁ» ሲያስብላችሁ ግን በሽታ መንገድ ያገኛል። ትልቅ ሰውም ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት አለበት።

የማያልቅ ሥራ ላለበት ሰው «ዘና በሉ» ማለት ምክር አይደለም። ስለዚህ የሚሠራ ነገር ልንገራችሁ፦

- እሁድ ማታ ባልና ሚስት ተቀመጡና የሳምንቱን ሥራ በወረቀት ጻፉ። ምግብ ማብሰሉን ብቻ ሳይሆን «ማን ያስታውሳል» የሚለውንም፦ የሰርቪስ ክፍያ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የክትባት ቀን። ይሄ በዓይን የማይታይ ሥራ በአብዛኛው ቤት እናት ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። አባቶች፣ «ልርዳሽ?» ከማለት አንዱን ሙሉ በሙሉ ውሰዱት። ብቻውን ልጅ የሚያሳድግ ደግሞ ከእህት፣ ከአያት፣ ከጎረቤት ጋር ይጻፈው። እርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም።
- ዩኒፎርም፣ ጫማና ቦርሳ ማታ ይዘጋጅ። ጠዋት የምታተርፏት ሩብ ሰዓት ለቁርስና ለሽንት ቤት ትሁን።
- ለመጀመሪያው ሳምንት ከዓመት ፈቃዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ከወዲሁ ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያውን ዓመት አገልግሎት የጨረሰ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ፈቃድ ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ አይደለም።
- ማታ ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡና ለልጁ 15 ደቂቃ ስጡት። ሙሉ ማታ ከጎኑ ሆኖ ስልክ ከማየት ይህቺ 15 ደቂቃ ትበልጣለች።

ያ ቤት ምን ሆነ? መነሻው 11፡45፣ መኝታው 2፡30 ሆነ። ማታ እናቱ እስኪገቡ እራት የሚያበላው አባቱ ነው፤ እሳቸው ሲደርሱ ሩብ ሰዓት አብረው ይጫወታሉ፣ ከዚያ መኝታ። ትምህርት ቤቱም የሽንት ቤቱን በር መወርወሪያ አሠራለት። ለጥቂት ሳምንታት ማለስለሻ ወሰደ። ኅዳር ላይ ለእናቱ ግፊት ክትትል አብሮ ሲመጣ፣ ሳልጠይቀው «ዶክተር፣ አሁን ጠዋት እኮ እሄዳለሁ!» አለኝ። እናቱ አፍረው ሳቁ። እኔ ግን ከብዙ ምስጋና ይልቅ እሱን ነው የማስታውሰው።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሆዱን ያመመው ልጅ ሲመጣ መድኃኒት ከመጻፌ በፊት «ስንት ሰዓት ትነሳለህ? ሽንት ቤትስ መቼ ትሄዳለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው።

(ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፤ በአካል የሚደረግ ምርመራን አይተካም።)

ለሌሎች ወላጆችም ይደርስ ዘንድ አጋሩት። መልካም አዲስ ዓመት፣ መልካም የትምህርት ዘመን! ጤና ይብዛላችሁ።